ትንሽ መዝረክረክ ጥቅም አለው?

ጥያቄ፦ እስራኤል ውስጥ፣ ካርሜ ጋት ሰፈር ፎቅ ላይ እንኖራለን። ልጆች፣ ቡናና ድንገተኛ እንግዳ ሲደራረቡ ቤቱ ይዝረከረካል። ጉዳት ብቻ ነው?

መልስ፦ መጠነኛ መዝረክረክ ጉዳት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ለጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ አዳዲስ አገልግሎት እንዲያስቡ ተጠይቀው ነበር። በተዝረከረከ ክፍል የተቀመጡት ሰዎች ሐሳብ በቁጥር ባይበልጥም በፈጠራ በልጦ ተገኝቷል። በተስተካከለው ክፍል የነበሩት ደግሞ ጤናማ ምግብ በመምረጥና በመለገስ ብልጫ አሳይተዋል። አንድ ጥናት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ሥርዓትም የራሱ ቦታ እንዳለው ግን ያሳያል።

ትልቁ ጥቅም ያለው ቡናው ዙሪያ ነው። በኢትዮጵያ መንደር ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል፤ ፎቅ ላይ በሩ ዝግ ስለሆነ ያልታሰበ እንግዳ ይበልጥ ያስፈልጋል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ የቀኑ ዕቅድ ይፈርሳል። ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ሲናገር የዋለ ልጅ ግን መጫወቻውን በትኖ፣ አያቱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚያወሩትን የሚሰማው በዚያው ሰዓት ነው። ይህ በቀጠሮ አይገኝም። ቤቱ እስኪጸዳ ብሎ እንግዳ የሚመልስ ቤተሰብ የሚያጣው ይህንኑ ነው።

መዝረክረክ የማይፈቀድባቸው ነገሮችም አሉ። መድኃኒት ሕፃን ከማይደርስበት ይቀመጣል። የማማዱ፣ ማለትም የመጠለያው ክፍል፣ በርና መተላለፊያ ዕቃ አይከመርበትም። ቡናው በከሰል ከፈላ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የሌለውና ገዳይ ስለሆነ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ይሻላል።