ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ስትሰወር፦ ከአንድ የመጸው አመሻሽ የተማርነው



የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ራሳችን የሠራነው ስህተት ነው። ስህተቱን የምንጽፈው ሌላውም እንዳይደግመው ብለን ነው።

ኅዳር ሊጋመስ ሲል በአንድ ሐሙስ ቀን የዐስርን ሰላት በጀመዓ ሰግደን፣ ሰባት ሆነን ከደሴ ከተማ ወጣ አልን። ፈተና ካለቀ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ከስክሪን እንረፍ ብለን ስልኮቻችንን ዶርም ትተናል፤ ሰዓት ያሰረም አልነበረም። የአደይ አበባው ረግፏል፤ ማሳው ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሌላው ላይ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ይዘው ጎንበስ ብለዋል። የእህል ሽታና ቀዝቃዛው ነፋስ የወሩን ድካም አስረሱን።

ጥቂት እንደሄድን ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ገባች። ጥላው በአንድ ጊዜ ሜዳውን ሸፈነው፤ ብርዱም ጠነከረ። ከመካከላችን አንዱ አዛን አለ። የረመዳን ቀዷ ይጾም የነበረው ወንድማችን ከኪሱ ተምር አውጥቶ አፈጠረ። ከዚያም ሰገድን።

አሰላምተን ስንዞር አጨዳ ላይ የነበሩ አንድ አባት ከኋላችን ቆመው አየን። እስክንጨርስ ጠብቀውናል። «ልጆቼ፣ ምነው ቸኮላችሁ?» አሉን። በእጃቸውም ወደ ምሥራቅ አመለከቱ፦ «ያንን ሸንተረር አታዩም? ፀሐይ እኮ ገና እላዩ ላይ ናት።»

ዞር ብለን አየን። የምሥራቁ ሸንተረር አናት ወርቅ መስሎ ያበራል። እኛ ጥላ ውስጥ ነን እንጂ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች የሚባለው መቼ ነው?

የመግሪብ ወቅት የሚገባው የፀሐይ ክብ ሙሉ በሙሉ ከአድማስ በታች ሲሆን ነው፤ በዚህ ላይ ዑለማዎች ልዩነት የላቸውም። ተራራ ግን አድማስ አይደለም። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር ስለሚመስል፣ ከፊታችን ያለው ተራራ ከትክክለኛው አድማስ 5 ዲግሪ ያህል ከፍ ቢል ፀሐይን ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይሰውርብናል። በኅዳር ወር ደሴ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው፤ ከጦሳ ሥር ለቆመ ሰው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ ትጠፋለች።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጾመኛ የሚያፈጥርበትን ጊዜ ሲያስተምሩ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅሰዋል፦ የሌሊቱን ከምሥራቅ መምጣት፣ የቀኑን በምዕራብ መሄድና የፀሐይን መጥለቅ። እኛ ምዕራቡን ብቻ አይተን ምሥራቁን ረሳን። የሻፊዒ ፊቅህ ሊቃውንትም በተራራ መካከል የሚኖር ሰው መመልከት ያለበት ጨረሩ ከተራሮች አናት ላይ መጥፋቱንና ጨለማው ከምሥራቅ መምጣቱን እንደሆነ ጽፈዋል። ማጭድ የያዙት አባት ያሳዩን ይህንኑ ነው።

ሰላታችንስ?

ከወቅቱ በፊት የተሰገደ ፈርድ ፈርዱን አያወርድም። በሱረቱ-ን-ኒሳእ 103 ላይ ሰላት በጊዜ የተወሰነ ግዴታ መሆኑ ተነግሯልና። ስለዚህ የሸንተረሩ አናት እስኪጠቁር ጠብቀን ደግመን ሰገድን። አባታችንም አብረውን ቆሙ፤ ኢማማችንም እርሳቸው ሆኑ።

የጾመው ወንድማችን ጉዳይ

የእርሱ ከበደን። የእኛ ሰላት በደቂቃዎች ተካክሷል፤ የእርሱ ግን ሙሉ ቀን ነው። አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በአንድ ደመናማ ቀን ሰዎች አፍጥረው ሳለ ፀሐይ ወጥታ ታይታለች። ከዚህ በመነሳት የአራቱ መዝሀቦች ዑለማዎች ያ ቀን ቀዷ አለበት ይላሉ። ኢብን ተይሚያን የመሳሰሉ ሌሎች ደግሞ መስሎት ያፈጠረ ሰው ቀዷ የለበትም ብለዋል። በስህተት በመሆኑ ኃጢአት እንደሌለበት ግን ሁሉም ይስማማሉ። ወንድማችን እስኪጠልቅ ድረስ ከምግብ ታቀበ፤ በሚቀጥለው ሰኞም ሌላ ቀን ጾመ። አዛን ያለው ልጅ ለቀናት አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ፤ ጾመኛው ግን ገና ያኔውኑ፦ «አብሽር፣ እኔም እኮ ዓይን ነበረኝ» አለው። በመካከላችን ቂም ያላደረው በዚህች ቃል ነው።

መግሪብ እስከ መቼ ይቆያል?

መግሪብ አጭር ነው ስለሚባል ብዙዎቻችን ጥቂት ከዘገየን ያለፈ ይመስለናል። ችኮላችንም ከዚህ የመጣ ነበር። ሙስሊም በዘገቡት የዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ሐዲስ የመግሪብ ወቅት ሸፈቅ እስኪጠፋ ይዘልቃል። ሸፈቅ ማለት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ የሚቀረው ብርሃን ነው። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ፣ ከአቡ ሐኒፋ ሁለት ታላላቅ ተማሪዎች ከአቡ ዩሱፍና ከሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ጭምር፣ ቀዩ ብርሃን ነው። አቡ ሐኒፋ ራሳቸው ግን ከቀዩ በኋላ የሚቆየው ነጩ ነው ብለዋል። ወሎ ውስጥ የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ ስላለ ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል። በእኛ አገር የመጨረሻው ብርሃን ጨርሶ እስኪጠፋ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። መግሪብን በመጀመሪያው ወቅት መስገድ ሱና ነው፤ ለማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ግን ሰላቱን አያሳልፍም።

ቂብላን ያለ ስልክ

አባታችን ሌላም ነገር አረሙን። እኛ የፀሐይ መግቢያን በግራ ትከሻችን አድርገን ነበር የቆምነው። እርሳቸው ትከሻችንን ይዘው ወደ ቀኝ ትንሽ አዞሩን። በኋላ ካርታ ስናይ ልክ ነበሩ። ደሴና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከደሴ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው። በኅዳር ግን ፀሐይ የምትገባው በትክክለኛው ምዕራብ ሳይሆን 20 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ተጠግታ ነው። መግቢያዋን በግራ ትከሻ ያደረገ ሰው በዚያው ልክ ወደ ግራ ያዘነብላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክንዳችንን ዘርግተን ጭብጣችንን ከዓይናችን ፊት ብንይዝ ስፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሁለት ጭብጥ ወደ ቀኝ ማለት ነው። በመስከረም አጋማሽና በመጋቢት አጋማሽ ላይ ፀሐይ በትክክል ወደ ምዕራብ ስለምትገባ እርማት አያስፈልግም። ከጅማ የሆነ ተማሪ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ፣ ከሐረር የሆነ ደግሞ ጥቂት ወደ ምዕራብ ይዞራል።

ሙሳፊር ነበርን?

ስንመለስ አንድ ወንድም፦ «ከከተማ ወጥተን የለ፣ መግሪብን ከዒሻ ጋር ብናደርገው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለ። የእግር ሽርሽር ግን ሰፈር አይደለም። አብዛኞቹ ዑለማዎች ለቀስር የሚያበቃው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይላሉ፤ ሐነፊዎች የሦስት ቀን መንገድ ይላሉ። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ለሙሳፊርም ቢሆን ከሐጅ ቦታዎች ውጭ ሁለት ሰላትን በአንድ ወቅት ማጣመር የለም። ሩኅሳ የአላህ ስጦታ ነው፤ ስጦታውን የምንቀበለው ግን በቦታው ነው።

የማሳው ትምህርት

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢንሺቃቅ በሸፈቅ፣ በሌሊቱና በሞላች ጨረቃ ይምላል፤ ቀጥሎም የሰው ልጅ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ እንደሚሸጋገር ይነግረናል። በዚያች ምሽት ሽግግሩን በዓይናችን አየነው፤ ጥላው ሸንተረሩን ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ቆመን ተመለከትን። በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ እኛ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከስልክ በሚሰማ አዛን ብቻ ነበር የምናውቀው።

ስንለያይ አባታችን ካጨዱት ላይ አንድ ነዶ ለብቻው አስቀመጡ፤ ለጎረቤት ድሃ ነው አሉን። በሱረቱል አንዓም 141 የአዝመራን ሐቅ በአጨዳው ቀን መስጠት ታዟል። በዝናብ ለበቀለ እህል ዘካው አንድ አስረኛ ነው፤ በድካም በመስኖ ለለማ ደግሞ የዚያ ግማሽ። ነዶው ከዘካው ውጭ መሆኑንም ነገሩን። ሰዓታቸውን ከሰማይ፣ ሐቁን ከማሳ የሚያነቡ አባት ናቸው።

ለሐለቃ ውይይት

1. ከግቢያችን ሆነን ፀሐይ መጥለቋን በምን ምልክት እናረጋግጣለን? በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምሥራቁን ተመልክተን ከሰዓት ሰሌዳው ጋር እናስተያይ።
2. ሌሎችን ወክሎ አዛን የሚል ወይም የሚያሰግድ ሰው ምን ኃላፊነት አለበት?
3. ስህተት የሠራ ወንድምን ወይም እህትን ሳናሳፍር እንዴት እናርማለን? አባታችን እስክናሰላምት መጠበቃቸውን አስቡ።

አላህ የምናውቀውን የምንሠራበት፣ የማናውቀውን የምንጠይቅ ያድርገን። እኒያን አባትም በአዝመራቸው ይባርክላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።