መኪና ወደ አንድ ወገን ስታዘነብል፤ የምክንያቱ አመረማመር

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መኪናን የሚፈትን መንገድ ነው። ከአንኮበር አልፎ ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ደግሞ መሬቱ ወደ ቆላው እየተቆለቆለ ይሄዳል። በዚህ አገር እህልና ሰው የሚያመላልሱትን አሮጌ ላንድ ሮቨሮችና ላንድ ክሩዘሮች ከኋላቸው ሆኖ የተመለከተ ሰው፥ ብዙ ጊዜ አንደኛው ወገናቸው ዝቅ ብሎ ያያል። ባለመኪናው «ባሌስትራው ሞቷል» ይልና አዲስ ለመግዛት ይነሣል። ምክንያቱ ባሌስትራው ካልሆነ ግን ገንዘቡ በከንቱ ይወጣል፤ መኪናይቱም እንደ ዘመመች ትቀራለች። በሌላ በኩል የተሰበረን ባሌስትራ «ጭነት ነው» ብሎ ማለፍ በገደል አፋፍ የተሳፋሪን ሕይወት አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ በፊዚክስ ትምህርት ከተማርነው ጋር እያገናኘሁ፥ ትክክለኛው ምክንያት እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ባሌስትራ ማለት ረዘም አጠር ያሉ ልሙጥ ብረቶች ተነባብረውና በመሀላቸው በቡሎን ተያይዘው እንደ ቀስት የጎበጡበት መሣሪያ ነው። እያንዳንዱን ብረት «ቅጠል» ብለን እንጥራው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1678 እንዳስታወቀው፥ የሞላ መለጠጥ ወይም መጨመቅ ከተጫነበት ኃይል ጋር ተመጣጣኝ ነው። ለምሳሌ አንድ ባሌስትራ በ40 ኪሎ ግራም 1 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ቢሆን፥ አንድ ኩንታል እህል በላዩ ቢጫን 2.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ አንዱ ወገን ዝቅ ሲል ከሁለት አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ ወይ በዚያ ወገን ክብደት በዝቷል፥ ወይ ባሌስትራው ከቀድሞው ደክሟል። ከነዚህ ውጭ የሆነ ዝቅታ የሚመጣው ከጎማ፥ ከመሬት ወይም ከአካሉ ነው።

አያቶቻችን አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን በዚህ ቁልቁለት ጭነት የሚያወርዱትና የሚያወጡት በአጋሰስ ነበር። ጭነት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ልባም ነጋዴ በቅሎዋን አይሸጥም፤ በመጀመሪያ ጭነቱን ያስተካክላል፥ ቀጥሎ ኮርቻውን ያያል፥ ከዚያም ጀርባዋን ይዳስሳል፥ በመጨረሻም ሰኮናዋን ያነሣል። ለመኪናም የሚያስፈልገው ይኸው ቅደም ተከተል ነው፤ ቀላሉና ወጪ የሌለው ምርመራ ይቀድማል።

1ኛ፤ ጭነቱን ማውረድ። በአንድ ወገን የታሰረ የስኮርታ ጎማ፥ የመሣሪያ ሣጥንና የተረሳ ጆንያ ሁሉ ይውረድ። የነዳጁ ታንክ የተቀመጠው በየትኛው ወገን እንደሆነም ይታወቅ።

2ኛ፤ መሬቱን መፈተን። መኪናይቱ ለጥ ባለ ቦታ ቆማ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ቁመት በግራም በቀኝም ይለካል። ከዚያ መኪናይቱን አዙሮ በዚያው ቦታ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ማቆምና እንደገና መለካት ነው። ዝቅ የሚለው ወገን ከግራ ወደ ቀኝ ከተለወጠ ጥፋቱ የመሬቱ ነው። ሆኖም ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ፥ ከመለካት በፊት መኪናይቱን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስና ከኋላ ተጭኖ ደጋግሞ ማወዛወዝ ይገባል። አለዚያ ባሌስትራው ቀድሞ በያዘው ቦታ ላይ ተይዞ ሊቀር ይችላል።

3ኛ፤ ጎማውን መለየት። ሁለቱ ጎማዎች በልክም በንፋስም እኩል መሆን አለባቸው። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ የተለካ ቁመት የጎማውን ልዩነት ከስሌቱ ያስወጣዋል።

4ኛ፤ የፊተኛውን ከኋለኛው መለየት። የፊት ባሌስትራ አንዱ ሲደክም መላው መኪና ወደዚያ ወገን ስለሚያጋድል የኋላው ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ይህን ለመለየት የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ታግደው፥ ክሪኩ በፊተኛው የሻንሲ ማገናኛ ብረት መሀል ላይ ይደረግና የፊት ጎማዎች ከመሬት ጥቂት ለቀቅ እስኪሉ ድረስ ይነሣል። የፊቱ ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ከእንግዲህ የሚታየው ማዘንበል የኋላው ብቻ ነው። ማዘንበሉ ከጠፋ የፊቱን መመርመር ነው። ይህ ሥራ ያለ ዐዋቂ ሰው አይሠራም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥርም ማንም ሰው ፈጽሞ አይግባ።

5ኛ፤ አካሉን ከባሌስትራው መለየት። መኪናይቱ በአራት ጎማዋ ቆማ ሳለ፥ በባሌስትራው ትይዩ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለው ክፍተት በሁለቱም ወገን ይለካል። ክፍተቱ እኩል ከሆነ ባሌስትራው ደኅና ነው፤ የጎበጠ አካል ወይም አካሉ የሚያርፍበት የተበላ ጎማ ይፈለግ።

በዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ባሌስትራዎች በ1 ሜትር የተራራቁ፥ የፓራፋንጎዎቹ ጠርዞች ግን በ1.4 ሜትር የተራራቁ ቢሆኑ፥ በባሌስትራው ላይ የ2.5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በፓራፋንጎው ላይ 2.5 × 1.4 = 3.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል። ዓይን የሚያየው ማዘንበል ከባሌስትራው ድካም ይበልጣል ማለት ነው።

ይህንኑ ምርመራ አጎቴ በሚነዳት አሮጌ ላንድ ክሩዘር ላይ አብረን ፈጽመነዋል። አጎቴ ጋራዥ ወስዶ አሳይቷት ሁለቱም የኋላ ባሌስትራዎች ይለወጡ ተብሎ ነበር። ስንለካ የግራው ወገን በ5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። የመሣሪያው ሣጥንና የስኮርታው ጎማ ሲወርዱ ልዩነቱ 4 ሆነ። መኪናይቱ ስትዞር አልተለወጠም። ከቸርኬው መሀል ሲለካ ግን 3.5 ስለሆነ፥ ግማሹ ሳንቲ ሜትር በግራ ጎማ ንፋስ ማነስ የመጣ ነበር። ፊቷ በክሪክ ሲነሣም 3.5 እንደሆነ ቀረ። ከአክስል እስከ ሻንሲ ያለው የክፍተት ልዩነት 2.5 ሆነ። በዚህች መኪና የባሌስትራዎቹና የፓራፋንጎዎቹ ርቀት ከላይ ካሰላነው ጋር ተቀራራቢ ስለነበረ፥ ጥፋቱ ከግራው ባሌስትራ እንደሆነ ተረጋገጠ።

ጭቃው በብሩሽና በውሃ ሲጸዳ ሦስተኛው ቅጠል ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ከሚያስሩት ቡሎኖች አጠገብ ተሰንጥቆ ተገኘ። ስንጥቁ የዛገ ስለነበረ ቅጠሉ የተጎዳው ከቆየ ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ገባን። የቀኙ ባሌስትራ ተፈትቶ ሲታይ ቀስቱ አልረገበም፥ ስብራትም አልነበረበትም። ስለዚህ የተለወጠው ያ ቅጠልና የማሠሪያ ቡሎኖቹ ብቻ ናቸው። በኋላ ሲለካ በፓራፋንጎው ላይ የቀረው ልዩነት ከ1 ሳንቲ ሜትር አልበለጠም። ከስብራት ይልቅ ቀስቱ ከዕድሜ ብዛት የረገበ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱንም ባንድነት መለወጥ ይሻል ነበር፤ አዲስና አሮጌ ባሌስትራ በአንድ አክስል ላይ እኩል አይሠሩምና።

አራት ነገሮች ላሳስብ። ሾክ አብዞርበር የመኪናን መወዛወዝ ያበርዳል እንጂ ቁመቷን አይሸከምም፤ ስለዚህ እርሱን በመለወጥ ማዘንበል አይድንም። ሁለተኛ፥ የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልኩ ግሎ፥ በድንገት ቀዝቅዞ፥ እንደገና በልኩ በመሞቅ ነው። በከሰል እሳት ያለ ልክ አግሎ መቀጥቀጥ ወይም በብየዳ መግጠም ይህን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ በሚታጠፍበት ቦታም ይሰበራል። ሦስተኛ፥ በብዙ አሮጌ ላንድ ሮቨሮች የሾፌሩ ወገን ባሌስትራ ከሌላው በመጠኑ ይበልጥ የጎበጠ ሆኖ ተሠርቷል። አገራችን በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነውና፥ በዕድሜ የገፋ መኪና ወይም የተገዛ አሮጌ ዕቃ ሲገጠም መሪው በየትኛው ወገን ለሆነ መኪና እንደተሠራ ይጠየቅ። አራተኛ፥ የመሀሉ ቡሎን ከተቆረጠ አክስሉ ይንሸራተትና አንዱ ጎማ ከፓራፋንጎው መሀል ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሸሻል። ይህን ያየ ሾፌር መንገድ ሳይጀምር ይመርምር።

ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው አንድ የመለኪያ ሜትር፥ አንድ ክሪክ፥ ወረቀትና እርሳስ፥ ከዚህም ጋር አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ነው። ማዘንበል ምልክት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ሐኪም ትኩሳት ያየውን ሁሉ አንድ መድኃኒት እንደማይሰጥ፥ መካኒክም የዘመመችውን መኪና ሁሉ ባሌስትራ ለውጡላት ሊል አይገባውም። እኛም ተማሪዎች በክፍል ውስጥ በሞላና በሚዛን የምንማረው ሕግ ለፈተና ብቻ ሳይሆን፥ በአንኮበር መንገድ ለሚሳፈሩ ወላጆቻችንና ወንድሞቻችን ደኅንነት እንደሚያገለግል እናስብ።