የመቀመጫ ግፊት እንዴት ይለካል?

ለረጅም ጊዜ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ሳያስበው ደጋግሞ ይቁነጠነጣል። በመቀመጫው አጥንቶች ሥር ያለው ሕብረ ሕዋስ ደም ሲያጥረው ነርቮች ለአንጎል መልእክት ይልካሉና ነው። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ይህ መልእክት ላይደርሰው ይችላል። ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ሕብረ ሕዋሱ ይሞትና የግፊት ቁስል ይፈጠራል፤ ቁስሉም እስከ አጥንት ዘልቆ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ስለሆነም የመቀመጫ ግፊትን መለካት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስሌቱ

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። መቀመጫው የሚሸከመው 45 ኪሎ ግራም ነው እንበል፤ ቀሪውን እግር ወለሉ ላይ ያሳርፈዋል። ኃይሉ 45 × 9.8 = 441 ኒውተን ይሆናል። በጣውላ ላይ የሚያርፈው የሰውነት ክፍል ስፋት 0.03 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አማካይ ግፊቱ 14,700 ፓስካል ወይም 110 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ለስላሳ ትራስ ስፋቱን 0.09 ካሬ ሜትር ቢያደርሰው ግፊቱ ወደ 4,900 ፓስካል፣ ማለትም ወደ 37 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። ክብደቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ስፋቱ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ዩጂን ላንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ጥናት በጣት ጥፍር ሥር ባሉ ካፒላሪዎች የደም መግቢያ በኩል በአማካይ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ለክቷል። ይህ ቁጥር ግን ለሁሉም ሰው የሚሠራ የአደጋ ወሰን አይደለም፤ ጊዜም ወሳኝ ነውና። ማይክል ኮሲያክ እ.ኤ.አ. በ1959 በእንስሳት ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ከፍተኛ ግፊት በአጭር ጊዜ፣ ዝቅተኛ ግፊትም በረጅም ጊዜ ቁስል ያስከትላሉ።

መሣሪያው

በመቀመጫው ላይ የሚነጠፈው ስስ ምንጣፍ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ በርካታ ሴንሰሮች አሉት። በአንደኛው ዓይነት እያንዳንዱ ሴንሰር ካፓሲተር ነው። ሲጫኑት በሁለቱ ንጣፎች መካከል ያለው ርቀት ስለሚጠብ ካፓሲታንሱ ይጨምራል። ኮምፒውተር ይህን ወደ ግፊት ቀይሮ በቀለም ካርታ ያሳያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ከፍተኛውን፣ ሰማያዊ ዝቅተኛውን ያመለክታል። ባለሙያውም በካርታው እየተመራ ትራሱን ይመርጣል፣ የእግር ማሳረፊያውን ያስተካክላል።

ሆኖም ምንጣፉ የሚለካው የቆዳን ገጽ ብቻ ነው፤ በአጥንቱ አጠገብ ያለው ግፊት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ትራስ ቢኖርም ክብደትን በየጊዜው ማዛወርና ቆዳን በየቀኑ መመርመር ያስፈልጋል። መካከሉ ክፍት የሆነ የቀለበት ትራስም አይመከርም፤ ግፊቱን በጠርዙ ላይ ያከማቻልና።

መልመጃ፦ ከላይ የተሰላው ግፊት አማካይ ነው። በመቀመጫ አጥንቶች ሥር ያለው ግፊት ከአማካዩ ለምን ይበልጣል?