ስለ ልማድና ስለ ሥጋ ጤና

የሰውን ሥጋ የሚያገኘው ደዌ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድንገት የሚመጣ ደዌ ነው። ይህም ከሰው ወደ ሰው፣ ወይም በትንኝ ንክሻ፣ ወይም በቆሸሸ ውኃ ይተላለፋል። ማታ ደኅና ሆኖ የተኛ ሰው ጧት በትኩሳት ተይዞ ይነሣል። ወባና ኩፍኝ ከዚህ ወገን ናቸው። በቀድሞ ዘመን ብዙ ሕዝብ የፈጀው ፈንጣጣም ከዚሁ ወገን ነበረ። ነገር ግን በክትባት ኃይል ከምድር ሁሉ ስለ ጠፋ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 መጥፋቱን ዐወጀ።

ሁለተኛው ደዌ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ምስጥ የበላው ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ሆኗል፤ አንድ ቀንም ቤቱን ይዞ ይወድቃል። ይህም ደዌ እንዲሁ ነው። ብዙ ዓመት በዝምታ ይሠራል፤ ሰውዬውም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሥቃል እንጂ መታመሙን አያውቅም። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ደዌ ከዚህ ወገን ናቸው። ከያዙም በኋላ ቶሎ ስለማይለቁ ሥር የሰደደ ደዌ ይባላሉ።

ለዚህ ለሁለተኛው ደዌ ብዙ ጊዜ በር የሚከፍትለት ክፉ ልማድ ነው። ልማድ ማለት ሰው ሳያስብበት ዕለት ዕለት የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ቀን ስኳር ያበዛ ሰው በዚያ ቀን አይታመምም፤ አንድ ቀን ተቀምጦ የዋለም አይሞትም። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ይህ ምን ይጎዳኛል?» ይላል። ነገር ግን ዕለት ዕለት የሚደረግ ነገር በ10 ዓመት ውስጥ ከ3,650 ጊዜ በላይ ይደረጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ትንሹ ነገር ሲደጋገም ታላቅ ይሆናል። ክፉም ቢሆን በጎም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው።

የዚህን ነገር እውነተኛነት በሎንዶን ከተማ የነበረ ጄረሚ ሞሪስ የሚባል ሐኪም በመልካም ምሳሌ አሳየ። በሎንዶን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነበረ። በእያንዳንዱም አውቶቡስ ሁለት ሰዎች ይሠሩ ነበር። አንዱ ሾፌር ነው፤ እርሱም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል። ሁለተኛው ትኬት ቆራጭ ነው፤ እርሱም ከመንገደኞች ገንዘብ ለመቀበል ከታች ወደ ላይ፣ ከላይም ወደ ታች ሲመላለስ ይውላል። በአንድ የሥራ ቀን ከ500 የሚበልጥ ደረጃ ይወጣ ነበር። ሁለቱም በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ በአንድ አውቶቡስም ይሠራሉ። የሚለያቸው አንዱ መቀመጡ፣ ሁለተኛውም መመላለሱ ነው።

ሞሪስና ባልደረቦቹ የብዙ ሺህ ሠራተኞችን ጤና ከመረመሩ በኋላ ያገኙትን በ1953 አሳትመው ገለጡ። የልብ ደዌ በሾፌሮቹ ላይ ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። ደዌው ትኬት ቆራጩን በያዘው ጊዜ እንኳ ዘግይቶ ይመጣና ቀለል ይል ነበር። ሐኪሙም ይህ ነገር በአውቶቡስ ሠራተኞች ብቻ እንዳይሆን ብሎ ደብዳቤ የሚያድሉትን የፖስታ ሰዎች በወንበር ተቀምጠው ከሚጽፉት ጸሐፊዎች ጋር አስተያየ። በዚያም ከሚቀመጡት ይልቅ የሚሄዱት በልብ ደዌ ያነሰ ተጎድተው ተገኙ። ሞሪስ በሽምግልናው ጊዜ እንኳ የሥጋ እንቅስቃሴን አልተወም፤ በ2009ም በ99 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ትኬት ቆራጩ ደረጃውን የወጣ ለጤናው ብሎ አይደለም፤ ለእንጀራው ብሎ ነው። ነገር ግን ሳያስበው ዕለት ዕለት የተመላለሰበት ደረጃ ልቡን ይጠብቅለት ነበር። ሾፌሩም ሰነፍ አልነበረም፤ ሥራውን በትጋት ይሠራ ነበር። ሆኖም ሥራው የሰጠው ልማድ ሳያውቀው ጎዳው። ሰው ልማዱን ካልመረመረ መልካም ሠራተኛ መሆኑ ብቻ ከደዌ አያድነውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኢትዮጵያ የወጡ ሰዎች ነገር ነው። ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖች በጎንደርና በትግራይ አገር በእርሻ፣ በቀጥቃጭነት፣ በሸማና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991ም ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያ አገር ያሉ ሐኪሞች መጀመሪያ ሲመረምሯቸው የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ይህ በሽታ እየበዛ ሄደ፤ ወጣቶች እንኳ ይያዙበት ጀመር።

ይህ ለምን ሆነ? ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ደማቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው ውሏቸው ነው። በአገራቸው ሳሉ ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ወደ እርሻና ወደ ገበያ ለመሄድ በእግራቸው ብዙ ይጓዙ ነበር። መብላቸውም የጤፍና የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮና ባቄላ፣ ጎመንም ነበረ። በአዲሱ አገር ግን ውኃው ከቧንቧ ይወርዳል፤ መንገዱ በአውቶቡስ ነው፤ በየሱቁም ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ ነገርና በስኳር የተበጠበጠ መጠጥ ሞልቷል። ዕረፍቱና ጥጋቡ መልካም ነገር ነበረ፤ ነገር ግን ሥጋ ያልለመደው ነገር በአንድ ጊዜ ስለ መጣበት መሸከም አቃተው።

የስኳር በሽታ በሥጋ ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰው የበላው እንጀራና ዳቦ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩም በደም ውስጥ ገብቶ ወደ ሰውነት ሁሉ ይሄዳል። በጨጓራ አጠገብ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ነው፤ የሰውነትን በር ከፍቶ ስኳሩን ያስገባዋል፤ ስኳሩም በውስጥ ሆኖ ለሰውነት ኃይል ይሰጣል። ሰው በውፍረትና በመቀመጥ ብዛት ሲከብድ ግን በሩ ለቁልፉ አልከፈት ይላል። ቆሽትም ኢንሱሊን በማብዛት ሲደክም ኖሮ በመጨረሻ ይዝላል። ያን ጊዜ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማችና ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግርን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ስንት ሰው በእግሩ ላይ ያለ ትንሽ ቁስል ሳይሰማው ቀርቶ እግሩን እስከ መቆረጥ ደርሷል!

የደም ግፊትም ከዚህ አይሻልም። ልብ ደምን በደም ሥር ውስጥ ትገፋለች። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የደም ሥሩ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ልብም ትደክማለች። አንድ ቀን በአንጎል ያለው የደም ሥር ይፈነዳል ወይም ይደፈናል፤ ሰውዬውም ይሞታል ወይም ግማሽ አካሉ ሽባ ይሆናል። ከዚያ ቀን በፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ የደም ግፊት በስሜት አይታወቅም፤ በመለኪያ ብቻ ይታወቃል። ይህን ደዌ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የጨው ብዛት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። 5 ግራምም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ውፍረት፣ የመጠጥ ብዛትና አለመንቀሳቀስም ግፊቱን ያባብሳሉ። ሲጋራ ደግሞ የደም ሥርን ያበላሻል፤ ሳንባንም ለነቀርሳ ያጋልጣል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ አዲስ ሥልጣኔ ሁሉ ክፉ ነው» ይል ይሆናል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ክትባትንና ንጹሕ ውኃን፣ የሐኪም ቤትንም የሰጠ ሥልጣኔ ነው። መኪናም የታመመችን እናት በፍጥነት ወደ ሐኪም ታደርሳለች። የሚጎዳው መኪናው አይደለም፤ ለ10 ደቂቃ መንገድ እንኳ እግሩን የረሳ ሰው ልማድ ነው። ስኳርም በልክ ሲሆን ሻይ ያጣፍጣል፤ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ግን 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። ይህን ያህል ስኳር በአንድ ሲኒ ሻይ ጨምሮ የሚጠጣ ማን ነው? በጠርሙስ ሲሆን ግን ስለማይታይ ሰው ሳያውቀው ይጠጣዋል።

ደግሞም ጥፋቱ ሁልጊዜ የሰውዬው ብቻ አይደለም። በከተማ ውስጥ ለእግረኛ የሚሆን መንገድ ካልተሠራ፣ ሰው እንዴት ይሂድ? ለልጆች መጫወቻ ሜዳ ካልተተወ፣ ልጆች የት ይሩጡ? በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚሸጠው ከረሜላ ብቻ ከሆነ፣ የተራበ ተማሪ ምን ይግዛ? ስለዚህ ከተማ የሚያስተዳድሩ፣ ንግድ የሚነግዱና ትምህርት ቤት የሚመሩ ሰዎች የሕዝቡን ጤና በእጃቸው እንደ ያዙ ሊያውቁ ይገባል።

ከዚህም በቀር አንድ ታላቅ ነገር አይረሳ። የታመመውን ሰው ሁሉ «በልማድህ አመጣኸው» ብሎ መንቀፍ ስሕተትም ጭካኔም ነው። የስኳር በሽታ አንዱ ዓይነት ብዙ ጊዜ በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የሚወጣ ነው። እርሱም በጣፋጭ ብዛት ወይም በስንፍና አይመጣም፤ የሕፃኑ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ስለሚተው ይመጣል። ከ1922 በፊት እንዲህ ያለው ሕፃን ከሞት አያመልጥም ነበር። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ባልደረቦቹ ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት አውጥተው፣ በዚያ ዓመት በጥር ወር ሊሞት ለቀረበ የ14 ዓመት ልጅ ሰጡት፤ ልጁም በሕይወት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ኢንሱሊኑን ሳያቋርጥ የሚወስድ ልጅ ይማራል፣ ይጫወታል፣ አድጎም ልጅ ይወልዳል። እንዲህ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛ ያላቸው ልጆች ሊሸሹት አይገባም፤ በሽታው አይተላለፍምና። ከመርፌው የተነሣም ሊዘብቱበት አይገባም፤ መርፌው ሕይወቱ ነውና።

እንዲሁም ሐኪም የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ያዘዘለት ሰው «ዛሬ አላመመኝም» ብሎ መድኃኒቱን በገዛ ራሱ መተው አይገባውም። ምሰሶው ስላልጮኸ ምስጡ ሄዷል ማለት አይደለም።

ልጆች ሆይ፣ ልማድ እንደ ችግኝ ነው። በልጅነት ሲሆን በሁለት ጣት ይነቀላል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን በመጥረቢያም ያስቸግራል። ስለዚህ በልጅነት መልካሙን ልማድ መትከል ይሻላል። ይኸውም በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት በሩጫ፣ በኳስ፣ በገመድ ዝላይ ወይም በሥራ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው። ሲጠሙ ከጣፋጭ መጠጥ ይልቅ ንጹሕ ውኃ መጠጣት ነው። ከረሜላ በመግዛት ፈንታ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም ፍራፍሬ መብላት ነው። ሲጠግቡ እጅን ከገበታ ማንሣት፣ በጊዜም መተኛት ነው። ሲጋራንና ጫትን ከመጀመሪያው አለመቅመስ ነው፤ ያልጀመሩትን መተው አያስቸግርምና። በቤትም አባትና እናት ወይም አያቶች ካሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸውን እንዲለኩ በአክብሮት ማሳሰብ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ቆሎ ከከረሜላ አይከብድም፤ መራመድም ዋጋ የለውም። የሚጠይቀው ሳይታክቱ ዕለት ዕለት ማድረግን ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ እሳቱ ትንሽ ሳለ የሚያጠፋው ጥቂት ቅጠል ነው፤ ቤቱን ከያዘ በኋላ ግን የሰፈር ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ይቸገራል።

ጥያቄ።

1. በድንገት የሚመጣ ደዌና ቀስ ብሎ የሚመጣ ደዌ በምን ይለያያሉ?
2. የሎንዶኑ ትኬት ቆራጭ ልብ ከሾፌሩ ልብ ይልቅ በምን ተጠበቀ?
3. ወደ እስራኤል በሄዱት ሰዎች ዘንድ ምን ተለወጠ? ያልተለወጠውስ ምንድር ነው?
4. የደም ግፊት በስሜት የማይታወቀው ለምንድር ነው? በምንስ ይታወቃል?
5. ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ ጓደኛ ያለው ልጅ ምን ማድረግ ይገባዋል?
6. እያንዳንዱ ተማሪ ዕለት ዕለት የሚያደርገውን አንድ መልካም ልማድና አንድ ክፉ ልማድ ይጻፍ፤ ክፉውን እንዴት እንደሚተወውም ይናገር።