ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራ፦ ዕቃ ከመቀየራችን በፊት እናጣራ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መኪና ነው። «ይህ ደግሞ የጁሙዓ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። ከጅግጅጋ ወደ ሐረር፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወይም ወደ ቀብሪበያህ ቤተሰብ ጭኖ የሚወጣ ሰው የያዘው ነፍስ አማና ነው። ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብም ከልጆቹ አፍ የሚነጠል ነው። ጋራዥ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ደግሞ መኪናው ስለተበላሸ ሳይሆን ምኑ እንደተበላሸ ሳይጣራ ዕቃ ስለሚቀየር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለን አሮጌ መኪና ብዙ ዓመት አብሮን እንደሚቆይ አስቡት። አያያዙን ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ። ዳሽቦርዱ ላይ የበራው መብራት ብልሽቱ ራሱ አይደለም፤ ምስክር ነው። ምስክር እውነቱን ሊናገር ይችላል፤ ሊሳሳትም ይችላል። አፉን ማፈን ጥፋት ነው፤ ሳያጣሩ በቃሉ ብቻ መፍረድም ጥፋት ነው። አንዱ አምፖሉን ነቅሎ «ጠፋ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ሌላው የባትሪ መብራት ስለበራ ብቻ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ይመጣል፤ በሳምንቱም መብራቱ እዚያው ነው።

እንግዲህ ምርመራው የሚጀምረው ያለ ምንም መሣሪያ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቁልፉን ወደ «ኦን» አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የዘይት፣ የባትሪ፣ የቼክ ኢንጂን፣ የኤቢኤስና የኤርባግ መብራቶች መብራት አለባቸው። የኤቢኤስና የኤርባጉ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሳቸው ይጠፋሉ፤ የዘይቱና የባትሪው ሞተሩ እስኪነሳ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ያልበራ መብራት ካለ ችግር እንደሌለ አትቁጠሩት። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይም አንድ ሰው ሆን ብሎ አፍኖታል። ከበራው ይልቅ መብራት ሲገባው ያልበራው የበለጠ ያስፈራል።

ቀጥሎ ባትሪና ግራውንድ። ርካሽ መልቲሜትር አንድ ቤት ውስጥ ቢኖር ጎረቤቱን ሁሉ ይጠቅማል። መኪናው ካደረ በኋላ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ካነበባችሁ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ወርዷል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ የዲናሞው ሬጉላተር ተበላሽቷልና ባትሪውንም አምፖሎቹንም ይጨርሳል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተራቸው ሆን ብሎ ቮልቱን ዝቅ ከፍ ስለሚያደርግ አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ አይገባም።

የባትሪው መብራት ስለ ባትሪው ሳይሆን ስለ ዲናሞው ነው የሚናገረው። በብዙ መኪኖች የመብራቱ አንድ ጫፍ ከቁልፉ፣ ሌላው ጫፍ ከዲናሞው ጋር ይገናኛል። ዲናሞው ሲሞላ በሁለቱም ጫፍ ያለው ቮልት እኩል ስለሚሆን መብራቱ ይጠፋል። ካልሞላ ይበራል። በደብዛዛው ከበራ ደግሞ የሆነ ቦታ ልዩነት አለ ማለት ነው፦ ከዲናሞው ዳዮዶች አንዱ፣ ወይም የላላና የዛገ ማያያዣ። ስለዚህ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቺንጋውን ነካ ነካ አድርጉ፣ የባትሪውን ራሶች ጽዱ፣ ቮልቱን ለኩ።

ግራውንድ የምንለው የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦዲውና ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ሲዝግ ወይም ሲላላ የሚታየው ነገር ጂን የገባበት መኪና ያስመስለዋል፦ ፍሬቻ ሲያበሩ የነዳጅ ጌጁ ይንቀጠቀጣል፤ ትልቁን መብራት ሲያበሩ የሙቀት ጌጁ ይወጣል። አንድ ጌጅ ብቻ ሲሳሳት የራሱን ሴንሰር እንጠረጥራለን፤ ሁለት ሦስቱ አብረው ሲያብዱ ግን የጋራ የሆነውን ነገር ፈልጉ። እሱም ብዙ ጊዜ ግራውንዱ ነው፣ ወይም የዳሽቦርዱ ፊውዝ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ፤ ሞተሩ እየሠራ መብራቶቹን አብሩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ሽቦው ወይም እስሩ መጽዳት አለበት። ዋጋው ብሎን መፍታትና በብረት ብሩሽ መፋቅ ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ድንበሩን ተሻግሮ ሶማሌላንድ ውስጥ ያለው መኪና አብዛኛው መሪው በቀኝ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪና ከሆነ የያዛችሁት፣ ብዙ ጊዜ የዳሽቦርዱ ሽቦ ተቆርጦ ተቀጥሏል። በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥል ሙቀትና ንዝረት ሲደጋገምበት ይላቀቃል። በኋላ የተጨመረ አላርም፣ ቴፕና ተጨማሪ መብራትም እንደዚሁ ነው። ለባለሙያው ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የግማሽ ቀን ፍለጋ ያሳጥርለታል።

ወደ ቀዩ የዘይት መብራት እንምጣ፤ እዚህ ጋ ቀልድ የለም። እየነዳችሁ ከበራ መንገድ ዳር ቁሙና ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። «እስከ ከተማ ልድረስ» ማለት ሞተሩን መሸጥ ነው። ትንሽ ቆይታችሁ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡና እዩ። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ያኔ ኤሌክትሪኩን መጠርጠር ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ ስዊች የዘይት ግፊት ሲጠፋ ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኘዋል፣ መብራቱ ይበራል፤ ግፊት ሲመጣ ይለያየዋል፣ ይጠፋል። እንግዲህ አንድ ሽቦ ብቻ ባላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን «ኦን» አድርጉና ሽቦውን ከስዊቹ ንቀሉት። መብራቱ አሁንም ካልጠፋ ሽቦው በመንገዱ ላይ ተልጦ ብረት ነክቷል። ከጠፋ ሽቦው ደህና ነው፤ ቀሪው ጥያቄ ስዊቹ ነው ወይስ እውነተኛ የግፊት ማነስ የሚለው ነው። ይህን የሚለየው በስዊቹ ቦታ የሚገባ የግፊት መለኪያ ብቻ ነው። ስዊቹ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ቀይሮ «ሞክሩት» የሚላችሁን አትስሙ፤ መለኪያ ይግባበት በሉ።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር መደበኛ ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ የካራማራን ዳገት ጭነት ይዞ ሲወጣ ውሃው መፍላት ይጀምራል። ወደ ድሬዳዋና ሽንሌ ቆላ ሲወረድ ደግሞ አየሩ ራሱ ይሞቃል። ስለዚህ ለእኛ መንገድ የሙቀት ጌጅ ጌጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። የሙቀት ሴንሰሩ ሙቀቱን የሚለካው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቀመጥ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና ጌጁ ወደ ቀዝቃዛው ሊወርድ ይችላል፤ ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው። ሲሠራ የነበረ ጌጅ ዳገት ላይ ድንገት ከወረደ ደስ አይበላችሁ፤ ቁሙና ውሃውን አረጋግጡ፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን ክዳኑን አትክፈቱ። እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ደግሞ የሙቀት ጌጅ የላቸውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። ቀዩ ሲበራ ጊዜው መሽቷል፤ ቴስታታው ሳይጣመም መቆም ነው።

ጌጁ ራሱ ውሸታም መሆኑን ለማወቅ፣ አንድ ሽቦ ባላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ቁልፉን «ኦን» አድርጉና ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉ፦ ጌጁ ወደ ቀዝቃዛው መውረድ አለበት። ሽቦውን ለቅጽበት ሞተሩ ብረት ላይ ብታስነኩት ወደ ሙቁ ይወጣል። ሁለቱንም ካደረገ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ተጠርጣሪው ሴንሰሩ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩ መኪኖች ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ እዚያ የሚሠራው ኮድ ማንበብ ነው።

ኮድ ካልን፦ የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ በመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ስካነር ይሰካል፤ ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽዬም አለ። ስካነሩ የሚናገረው የቱ የኤሌክትሪክ መስመር እንደታመመ እንጂ የቱ ዕቃ እንደሚቀየር አይደለም። ለምሳሌ ፒ 0118 የሚለው ኮድ ከውሃ ሙቀት ሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ሴንሰሩ ሲሞት ብቻ አይደለም፤ ፕላጉ ወልቆ ወይም ሽቦው ተበጥሶም ያው ኮድ ይመጣል። መካኒኩ ኮዱን አይቶ ወዲያው «ሴንሰር ግዛ» ካለ «ፕላጉንና ሽቦውን አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮዱን አጥፍቶ መሸኘትም ጥገና አይደለም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ሞተሩ በትክክል እያቀጣጠለ አይደለም፤ ፍጥነት ቀንሱ፣ ዳገት አትውጡበት፣ ቶሎ አስመርምሩት።

የፍሬኑ ቀይ መብራት መጀመሪያ የእጅ ፍሬን፣ ቀጥሎ የፍሬን ዘይት ይጠየቅበታል። ዘይቱ የቀነሰው ሸራው ስላለቀ ወይም የሚያፈስ ቦታ ስላለ ነውና ሞልቶ ብቻ መሄድ አይገባም። የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከበራ መደበኛው ፍሬን ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ከአስፋልት ወጥተን በጠጠርና በአቧራ ስንነዳ የጎማው ሴንሰርና ሽቦው ቀድመው ይጎዳሉ። የኤርባግን ነገር ግን ለባለሙያ ተዉ። ሽቦዎቹ ቢጫ ፕላግ አላቸው፤ በቴስተር አምፖልም በመልቲሜትርም አትንኳቸው፤ ፊታችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ባለሙያውም ቢሆን የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ አለበት።

ወደ መሸጥና መግዛት ስንመጣ ነገሩ ከጋራዥ ይወጣና ዲናችን ውስጥ ይገባል። የኤርባግ መብራቱን አምፖል ነቅሎ፣ ወይም ሽቦውን ከዘይት መብራቱ ጋር አገናኝቶ አብሮ እንዲጠፋ አድርጎ የሚሸጥ ሰው አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ሻጩም ዝናብ መትቶት ነው ሲላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት እናውቃለን። የታፈነ መብራትም ያው የተደበቀ እርጥብ እህል ነው፤ ያውም በዚህኛው ነፍስ ይጠፋበታል። ሻጭ ከሆናችሁ መብራቱ እንደበራ ሽጡት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሱ።

ገዢ ከሆናችሁ ያንን የ«ኦን» ፈተና ራሳችሁ አድርጉት። የኤርባጉ መብራት ጨርሶ ካልበራ፣ ወይም ከሌላ መብራት ጋር በአንድ ቅጽበት ከጠፋ፣ ስካነር ሳይሰካ ቀብድ አትስጡ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ደግሞ፣ ቀዝቅዞ ማየት እንደምትፈልጉ በትሕትና ንገሩትና በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ።