የጋሞ ተራሮችና ሁለቱ ሐይቆች ከአየር ላይ

ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ መኪናው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ 2,700 ሜትር ይወጣል። ተጓዡ ሙዝና ማንጎ ከሚለቀምበት ቆላ ተነስቶ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ ገብስ፣ እንሰትና አፕል ከሚበቅልበት ደጋ ይደርሳል። የጋሞ ዞንን ከአየር ማየት ትርጉም የሚኖረው በዚህ ከፍታ ልዩነት ምክንያት ነው። በምዕራብ የጉጌ ተራሮች፣ ከሥራቸው የስምጥ ሸለቆው ወለል፣ በወለሉ ላይ አባያና ጫሞ፣ ከሐይቆቹ ማዶ ደግሞ የአማሮ ተራሮች ተደርድረዋል። በመኪና ከሆነ ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ከላይ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያሉ።

ሄሊኮፕተር ግን አርባ ምንጭ ላይ ቆሞ ጎብኚ አይጠብቅም። በኢትዮጵያ የሄሊኮፕተር ጉብኝት በአብዛኛው የሚካሄደው ከአዲስ አበባ በቻርተር፣ ማለትም ሄሊኮፕተሩን ከነአብራሪው በሰዓት በመከራየት ነው። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው በጋሞ ሰማይ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን የመሄጃና የመመለሻው ሰዓት ጭምር ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በቀጥታ መስመር ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበር ቀላል ሄሊኮፕተር ይህ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መንገድ ነው። አንድ ሰዓት ተራራና ሐይቅ ለማየት ከአራት ሰዓት በላይ ኪራይ ይከፈላል ማለት ነው። ወጪው የሚቀለው አራት ወይም አምስት ሰዎች ተጋርተው ሲከፍሉት፣ ወይም ጉዞው ከኦሞ ሸለቆና ከሌሎች የደቡብ መዳረሻዎች ጋር ሲያያዝ ነው። ለአርባ ምንጭ ብቻ ብሎ ሄሊኮፕተር መከራየት ገንዘብ ለተረፈው ሰው ካልሆነ በቀር አያዋጣም።

ውል ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ የነዳጅ ነው። ባለ አንድ ሞተር ቀላል ሄሊኮፕተር በአንድ ሙሌት የሚበርረው በአማካይ 600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የደርሶ መልሱ መንገድ ብቻ 700 ይሆናል። ስለዚህ ነዳጁ የት እንደሚሞላና ማን እንደሚያዘጋጀው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ከዚህ ቀጥሎ ሄሊኮፕተሩ መሬት ላይ ቆሞ ለሚጠብቅበት ጊዜ ይከፈል እንደሆነ፣ የአብራሪው አዳር በማን ወጪ እንደሚሸፈንና በአየር ጠባይ ምክንያት በረራው ቢሰረዝ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ይጠየቃል። የበረራ ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚያወጣው አከራዩ ድርጅት ነው። በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ለማረፍ ከታሰበ ግን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ይህ ሰነድ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም።

አብዛኛው መንገደኛ የአየሩን እይታ የሚያገኘው በርካሽ መንገድ፣ ከቦሌ በሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ በረራ ነው። በመስመሩ ላይ የሚሰማራው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ቁልቁል ማየት አይከለክልም፤ መሐል ላይ ያሉት ወንበሮች ብቻ በሞተሩና በጎማው ይጋረዳሉ። ከኋላ ያሉት ረድፎች ይሻላሉ። ወደ አርባ ምንጭ ሲኬድ በግራ የተቀመጠ ሰው ሻላንና ሌሎቹን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በመጨረሻም አባያን ያያል። በቀኝ የተቀመጠው ደግሞ ከወላይታ ሶዶ አጠገብ ያለውን የዳሞታ ተራራና የጋሞን ደጋ ያገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሲሄድ በግራ፣ ሲመለስም በግራ ቢቀመጥ አንዱም አያመልጠውም፤ አውሮፕላኑ ሲመለስ ግራው ወደ ምዕራብ ይዞራልና።

በሄሊኮፕተር የሚደረግ ዙር በአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ቢጀመር ይመረጣል፤ አየር ማረፊያው ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ ብዙም የማይርቅ ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያስደንቀው የውሃው ቀለም ነው። አባያ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ሲሆን፣ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። አባያን የሚያቀላው እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ከደጋው አጥበው የሚያመጡት፣ ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቀር ደቃቅ አፈር ነው። በስፋት አባያ ይበልጣል፤ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። የአውሮፓ አሳሾች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኢጣሊያ ንግሥት ስም «ማርጋሪታ» ብለውት በአንዳንድ አሮጌ ካርታዎች ላይ ይህ ስም እስካሁን ይታያል። በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች አንዱ ጊዲቾ ነው።

ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ቀጭን የተራራ አንገት የእግዜር ድልድይ ይባላል። ስሙ የሚገባው ከላይ ሲታይ ነው፤ ከመሬት ሲያዩት እንደማንኛውም ኮረብታ ነው። የአባያ የውሃ ወለል ከጫሞ ወለል ወደ 60 ሜትር ይበልጣል፤ ድልድዩን ያህል ብቻ ተራርቀው ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ውሃዎች በተለያየ ደረጃ ተኝተዋል። ከድልድዩ በስተ ምዕራብ፣ ከከተማው ገደል ሥር፣ ግዙፍ ሾላዎች የሞሉበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል። ለከተማዋ ስም የሰጡት ምንጮች የሚፈልቁት ከዚህ ደን ሥር ነው፤ ደኑም በበጋ የማይጠወልገው ከዝናብ ይልቅ በከርሰ ምድር ውሃ ስለሚኖር ነው። ምንጮቹ ራሳቸው ከአየር አይታዩም።

ድልድዩን ወደ ምሥራቅ ሲያልፉ የነጭ ሳር ሜዳ ይጀምራል። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከሐይቆቹም የተወሰነውን ክፍል ያካትታል። ስሙን ያገኘው በበጋ ከሚነጣው ሣር ነው። በሜዳው የሜዳ አህያ መንጋ ከላይ በቀላሉ ይለያል። በዚህ ሜዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተ አንድ ወፍ አግኝተው ክንፉን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። የላቲን ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ፍቺ አለው። እንዲህ ያለው ነገር ከሄሊኮፕተር አይገኝም፤ ሌሊት የሚወጣ ወፍ ነው። በጫሞ ዳርቻ ያለው «የአዞ ገበያ» ግን ከላይ ይታያል፣ ጥንቃቄ ካልታከለበት ግን ይበተናል። በአሸዋው ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ትላልቅ አዞዎች ጩኸት ሲቀርባቸው ወደ ውሃው ይገባሉ፤ ሻላዎችና ሌሎች የውሃ ወፎችም በመንጋ ይነሳሉ። የተነሳ መንጋ ለሄሊኮፕተሩ ራሱ አደጋ ነው። ከ300 ሜትር በታች አለመውረድ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። አዞን በቅርብ ማየት ለፈለገ ጀልባ ይሻለዋል።

ከጫሞ ወደ ምዕራብ ሲዞር ጉብኝቱ ሌላ መልክ ይይዛል። መጀመሪያ በሸለቆው ወለል ላይ በሥርዓት የተሰደሩ የሙዝ እርሻዎች፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ የለበሰው ገደል፣ ከዚያም በድንገት የቦንኬ፣ የዲታና የጨንቻ ደጋ ይመጣል። ብዙ የጉዞ ማስታወቂያ ይህን ደጋ «ሰው ያልነካው ተራራ» እያለ ያቀርበዋል። ከአየር ያየው ሰው ግን ይህ ትክክል እንዳልሆነ ወዲያው ይረዳል። ሰው ያልነካው ቦታ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ዳገቱ በእርከን ተሸንሽኗል፣ በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ቆሟል፣ ገብሱና ድንቹ በጠባብ ጠባብ ማሳ ተጠጋግቷል። በመካከሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው የሚታዩት የዛፍ ክምችቶች የተጠበቁ ቅዱስ ደኖችና የቤተ ክርስቲያን ዙሪያዎች ናቸው። ከዶርዜ መንደር በላይ ሲያልፉ ቤቶቹ የተደፋ ቅርጫት ይመስላሉ። ከመሬት ሲታዩ ግን የዝሆን ፊት ይመስላሉ፤ ኩንቢው መግቢያው ነው። ከቀርከሃ ተሸምነው በእንሰት ኮባ የሚለበሱት እነዚህ ቤቶች አዲስ ሲሆኑ እስከ 12 ሜትር ይረዝማሉ። ምስጥ ከሥራቸው ሲበላቸው በየዓመቱ እያጠሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል።

በደጋው ላይ ሄሊኮፕተር ለማረፍ የሚጋብዝ ለጥ ያለ፣ ሣሩ የተላጨ የሚመስል ሜዳ አልፎ አልፎ ይታያል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቦታ ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአካባቢውን ጉዳይ የሚመክሩበት፣ የተጣሉትን የሚያስታርቁበት አደባባይ ነው። አይታረስም፣ ቤትም አይሠራበትም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሱ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተንበርክከው ቁጣውን ያበረዱበት ወግ የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። በዱቡሻ ላይ ሳይጠይቁ ሄሊኮፕተር ማሳረፍ በሰው ቤተ መቅደስ ግቢ መኪና ከማቆም አይተናነስም። ማረፍ ከተፈለገ በቅድሚያ የወረዳውን አስተዳደርና የአካባቢውን ሽማግሌዎች በመሬት በኩል ያነጋገረ ሰው መኖር አለበት። ቦታውም ከቤትና ከእንሰት ማሳ ራቅ ይላል፤ የሄሊኮፕተር ነፋስ የእንሰት ቅጠል ይተለትላል፣ የቤት ክዳን ይገነጥላል፣ በዳገት ላይ የተሰማራ ከብትም ያስደነግጣል።

የጉብኝቱ ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ሁለተኛው ዝናብ በጥቅምት መጨረሻ ስለሚያበቃ ማሳው ገና አረንጓዴ፣ አየሩም የታጠበ ይሆናል። ከየካቲት ጀምሮ አቧራና ጭጋግ መሰል ጭስ ሸለቆውን ይጋርደዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናብ ደግሞ ተራራውን በደመና ይሸፍነዋል። በቀን ውስጥ የሚመረጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ከሸለቆው የሚነሳው ሞቃት አየር ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ስለሚወጣ ሄሊኮፕተሩን ያናውጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫፎቹ ደመና ይለብሳሉ። የሄሊኮፕተር ጉልበትም እንደ ከፍታው ይለያያል። በ3,000 ሜትር ያለው አየር ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይበልጥ ይሳሳል። አብራሪው ሁሉንም ተሳፋሪ ከነሻንጣው የሚመዝነው፣ አንዳንዴም ከአምስቱ ሰው አንዱን መሬት ላይ አስቀርቶ የሚነሳው ለዚህ ነው። ክብደትን አሳንሶ መናገር ቀልድ አይደለም።

ከሸለቆው ወለል ወደ ደጋው ሲወጣ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ የ10 ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል። አርባ ምንጭ ላይ ሸሚዝ ቢበቃም ጃኬት በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ኮፍያና ሻርፕ ከመሳፈር በፊት ይወለቃሉ። ወደ ሄሊኮፕተሩ የሚቀረበው ከፊት ወይም ከጎን፣ አብራሪው እያየ ነው፤ ወደ ጅራቱ ማንም አይጠጋም። ዳገት ላይ ቆሞ ከሆነ ሁልጊዜ ከቁልቁሉ በኩል ነው የሚቀረበው፤ ከሽቅቡ በኩል ያለው ክንፍ ለሰው አንገት ይቀርባልና። ፎቶ ለሚያነሱ፣ ከመስታወት የሚመለሰውን ብርሃን ለመቀነስ ጥቁር ልብስ መልበስ ጠቃሚ ነው። ድሮን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያልተገኘለት ድሮን ቦሌ ላይ ይያዛል፤ በሄሊኮፕተር ፋንታ ድሮን ይዞ መምጣት አቋራጭ መንገድ አይሆንም።

ሄሊኮፕተር ያልተመቻቸለት ጎብኚ ከእይታው የሚያጣው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። አርባ ምንጭ ሲቀላና ሴቻ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሏት፤ ሴቻ ላይኛዋ ናት። ከሴቻ ገደል ጫፍ ላይ ካሉት ሆቴሎች በረንዳ የእግዜር ድልድይና ሁለቱ ሐይቆች በአንድነት ይታያሉ፤ ይህ እይታ የሚከፈለው በአንድ ስኒ ቡና ነው። ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ደግሞ ከዶርዜ በፊት ባሉት ጠመዝማዛዎች መኪና ቆሞ አባያን ወደታች ማየት ይቻላል። መንገዱ በዝናብ ጊዜ ይንሸራተታል። ለመኪና ጉዞው ቀን ሲመረጥ ገበያውን ማስላት ያዋጣል፦ የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። ጠዋት ከአርባ ምንጭ የተነሳ መኪና ገበያው ሳይደምቅ ይደርሳል፤ ከ8 ሰዓት በፊት ለመመለስ ያሰበም ደመናው ከመውረዱ በፊት ገደሉን ያልፋል።