ድድ ሲሸሽ ምን ይደረጋል?

«ጥርሴ ረዘመ» የሚል ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ግን ጥርሱ አልረዘመም፤ ድዱ ነው የሸሸው።

እኛ ከባሕር ዳር፣ ከፔዳ ግቢ የመጣን ተማሪዎች ነን። ፔዳ የሚለው ስም የመጣው መምህራንን ለማሠልጠን በ1965 ዓ.ም. ጣና ዳር ከተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ግቢው ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁን እንጂ ፊደል የቆጠረ ሰው ስለ ገላው አንብቦ ማወቅ ይገባዋልና ይህን ትምህርት አዘጋጀን።

ድድ ምን ይሠራል?

ድድ የጥርስን ሥር የሚሸፍን ሥጋ ነው። በክረምት ጎርፍ አፈሩን ያጠበበትን ዛፍ አይታችኋል። ሥሩ ይራቆታል። ጥርስም እንዲሁ ነው። አናቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሽፋን አለው፤ ሥሩ ግን ይህ ሽፋን የለውም። ስለዚህ ድዱ ሲሸሽና ሥሩ ሲገለጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር ይጠዘጥዛል። ቶሎም ይቦረቦራል።

ድድ ለምን ይሸሻል?

አንደኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። በጥርስና በድድ መካከል ቆሻሻ ሲቀመጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ሲቆይ እንደ ኖራ ይደርቃል። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ ቀስ እያለም ይሸሻል።

ሁለተኛው አጉል መፋቅ ነው። የወይራውም የክትክታውም መፋቂያ መልካም ነው። ነገር ግን ጫፉ ሳይለሰልስ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ቢስቡት ድድን ይልጣል። ጫፉን አኝኮ ማለስለስ፣ ከዚያም ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ መፋቅ ነው። የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ።

ሦስተኛው ትምባሆ ነው። ትምባሆ ድድን ይጎዳል፤ ቁስሉም ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋል።

አንዳንድ እናቶችና እኅቶች ድድ ያጠነክራል ብለው ይነቀሳሉ። ንቅሳት ድድን ያጠቁራል እንጂ የሸሸውን አይመልስም። መርፌው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

የሸሸ ድድ ይተከላል

ሣር ቢታጨድ መልሶ ይበቅላል። የሸሸ ድድ ግን በራሱ ተመልሶ አያድግም። ሐኪም ግን ሊተክለው ይችላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 ብዮርን የሚባል የስዊድን ሐኪም ይህን አሠራር ጽፎ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ በብዙ አገር ይሠራበታል። የበርበሬ ችግኝ ከመደብ አንሥቶ የተከለ ገበሬ ነገሩ አይጠፋውም።

1. ሐኪሙ አስቀድሞ የደረቀውን ቆሻሻ ፍቆ ያወጣል። አረም በዋጠው ማሳ ላይ ችግኝ አይተከልም።
2. ሕመም እንዳይሰማ ማደንዘዣ ይወጋል።
3. ከበሽተኛው ከራሱ ላንቃ ስስ ሥጋ ይወስዳል። ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። የራስ ሥጋ ስለ ሆነ ገላ እንደ ባዕድ አይጠላውም።
4. ሥጋውን በተራቆተው ሥር ላይ አኑሮ በቀጭን ክር ይሰፋዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የተተከለው ሥጋ የሚኖረው ከሥሩ ካለው ገላ በሚያገኘው ርጥበት ነው። ከዚያ ትንንሽ የደም ሥሮች ይገቡበታል። ሳይዝ ከተነቃነቀ ግን እንደ ተነካካ ችግኝ ይደርቃል። ስለዚህ ከንፈርን እየሳቡ ማየት የለም። ቆሎ አይቆረጠምም፤ ለስለስ ያለ ምግብ ይበላል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ቦታው አይፋቅም። ትምባሆም አይጨስም። ክሩ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ላንቃውም በጥቂት ሳምንታት ይሽራል።

ማወቅ የሚገባን

ይህ ሕክምና ለሁሉ አይሆንም። ጥርሱን የያዘው አጥንት አልቆ ጥርሱ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ድድ መትከል ብቻውን አያጠናውም። ሥሩም ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሸፈንም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ሴት፣ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው በዚሁ የሠለጠነ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነው። በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ቢሆንም መነሻው ጤና ጣቢያው ነው፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ሆስፒታሎች አሉ።

ድዳችሁ መድማት ሲጀምር ሂዱ። ያን ጊዜ ጽዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ሥሩ ተገለጠ ብሎ በመንደር ጉጠት ማስነቀል ግን የሚድነውን ጥርስ መጣል ነው። የወለቀ የአዋቂ ጥርስ ዳግመኛ አይበቅልም።

ጥያቄዎች

1. ሥሩ የተገለጠ ጥርስ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ለምን ይጠዘጥዛል?
2. በመፋቂያ እንዴት መፋቅ ይገባል? ለጎረቤታችሁ አሳዩ።
3. ለመትከል የሚሆነው ሥጋ ከየት ይወሰዳል?
4. የተተከለው ሥጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለምን መነቃነቅ የለበትም?